ሰዓቱ ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት

የዛሬው ርዕሴ ጠባብ ነው። ሩጫውንም፣ ብስክሌቱንም፣ ዋናውንም፣ የተራራ ጉዞውንም በጂፒኤስ የሚመዘግብ መልቲስፖርት ሰዓት ልንገዛ ብንነሣ፣ ከትንሹ፣ ከመካከለኛውና ከትልቁ የትኛውን እንውሰድ? ነገሩ የጥቂት ሚሊ ሜትር ጉዳይ ነው። ሰዓቱ እውነቱን እንዲነግረን ወይም እንዲያሳስተን የሚያደርጉት ግን እነዚያው ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ናቸው።

ከእንጦጦ ልጀምር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጭጋጉ ከባሕር ዛፉ ሳይነሣ ከአንዲት የሰፈሬ ልጅ ጋር ቀስ ብለን እንሮጥ ነበር። ልጅቷ ደህና ሯጭ ናት፤ ከእኔ ጋር የምትወጣው ጠንካራ ልምምድ በሌለባት ቀን ብቻ ነው። በየሃያ በየሠላሳ ሜትሩ ቀኝ እጇ ወደ ግራ አንጓዋ ይሄዳል። ሰዓቱን ወደ ላይ ትገፋዋለች፤ ይወርዳል። ታዞረዋለች፤ ተመልሶ ይዞራል።

«ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ?» አልኳት።

«ሰዓቱ ነው ጋሼ። እየዞረ አስቸገረኝ። ደግሞ ልብሽ 176 ነው ይለኛል።»

ይህን ስትለኝ ትንፋሿ አልተቆራረጠም። ልቡ በደቂቃ 176 የሚመታ ሰው እንጦጦ ዳገት ላይ እንዲህ ዘና ብሎ አያወራም። አስቆምኳትና ወዲያው ሁለት ጣቷን አንገቷ ላይ አድርጋ እንድትቆጥር ነገርኳት፤ እኔ 15 ሰከንድ ያዝኩላት። 34 ቆጠረች። በአራት ሲባዛ 136 ነው። ሩጫውን ስንቀጥል ደግሞ እኔ ኮቴዋን ቆጠርኩ። በ30 ሰከንድ 88፣ በደቂቃ 176። ሰዓቱ ሲያነብ የቆየው ልቧን አልነበረም፤ እርምጃዋን ነበር።

ሰዓቱ አልተበላሸም። ውድ፣ አዲስ፣ ብዙ ሰው የሚመኘው ሰዓት ነው። ወርዱ 51 ሚሊ ሜትር ነው። ቤት ገብተን የልጅቷን አንጓ በክር ስንለካው ዙሪያው 14 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ከላይ ያለው ጠፍጣፋ ወርድ ደግሞ 46 ሚሊ ሜትር። ማሰሪያው መጨረሻው ቀዳዳ ላይ ገብቶ እንኳ የሰዓቱ ጠርዝ ከእጇ ግራና ቀኝ ወጥቶ ይንጠለጠላል፤ ከጎን ዝቅ ብላችሁ ብታዩ በሰዓቱና በቆዳዋ መካከል ብርሃን ያልፋል።

የላከላት አሜሪካ የሚኖር አጎቷ ነው። በስልክ ሳነጋግረው ያለኝ ከጆሮዬ አይጠፋም። «ጋሼ፣ ሦስት ዓይነት ነበረው። ለእህቴ ልጅ ትንሹን ልኬ ምን ልባል ነው?» አለኝ። ቸር ሰው ነው። ስጦታ ሲሆን ትልቁን መስጠት ያደግንበት ወግ ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን፣ ነገሩን ባላውቅ፣ ትልቁን ነበር የምልከው። ግን ጫማ ስንልክ «ቁጥሯ ስንት ነው?» ብለን አስቀድመን እንጠይቃለን። እግሯ 37 ለሆነ ልጅ ለክብሯ ብለን 43 አንልክም። ሰዓትም እንደ ጫማ ቁጥር አለው። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ ይወጣል።

ነገሩ ለእኛ የሚከብድበት ምክንያት አለ። አውሮፓ ወይም አሜሪካ ያለ ሯጭ ሱቅ ገብቶ ሦስቱንም በየተራ እጁ ላይ አስሮ፣ ካልተስማማው በሳምንቱ መልሶ ይለውጣል። እኛ ዘንድ ግን ሰዓቱ በአብዛኛው የሚመጣው በሰው ሻንጣ ነው። ከውድድር የተመለሰ አትሌት፣ ለበዓል የሚመጣ ዘመድ፣ ለሥራ ወጥቶ የሚገባ ጓደኛ ያመጣዋል። አንዴ ሻንጣው ውስጥ ከገባ መመለስ የለም። ስለዚህ ምርጫው ከመገዛቱ በፊት፣ እዚሁ፣ በክርና በማስመሪያ ማለቅ አለበት።

አሁን ወደ ሰዓቱ ጀርባ እንሂድ። ከሥሩ ብልጭ የሚለውን አረንጓዴ መብራት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መብራቱ ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ ከፊሉን ደም ይመጠዋል፤ የተረፈው ወደ ሰዓቱ ይመለሳል። ልብ ስትመታ ቆዳ ሥር ያለው ደም ይበዛል፣ የሚመለሰው ብርሃን ያንሳል፤ በሁለት ምት መካከል ደሙ ያንሳል፣ የሚመለሰው ብርሃን ይበዛል። ሰዓቱ ይህን ከፍ ዝቅ ቆጥሮ ነው የልብ ምታችንን የሚነግረን። የሚያየው ለውጥ በጣም ትንሽ ነው። ሰዓቱ በየእርምጃው ከቆዳ ብድግ ቁጭ የሚል ከሆነ፣ ያ ብድግ ቁጭ ማለት ከደሙ ለውጥ ይበልጥበታል። በጎን የፀሐይ ብርሃን ከገባበት ደግሞ ይብሳል። ብዙ ሯጭ በደቂቃ ከ170 እስከ 180 ጊዜ ይረግጣል፤ ይህ ቁጥር በጠንካራ ሩጫ ላይ ልብ ከምትደርስበት ጋር ስለሚቀራረብ ሰዓቱ አንዱን በሌላው ቢለውጥ ቶሎ አንጠረጥረውም። ልጅቷ ያን ቀን እያዘገመች ባትሮጥ ኖሮ እኔም አልጠረጥርም ነበር። የእንጦጦ ማለዳ ብርድ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው፤ ቆዳ ሲቀዘቅዝ የደም ሥሮቹ ይጠባሉ፣ ሰዓቱም የሚያነበው ያጣል።

ደረት ላይ የሚታሰረው ቀበቶ ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ስለሚወስድ የአንጓ መጠን አያገባውም። ለኢንተርቫል ልምምድ እኔም የማምነው እሱን ነው። ቀበቶው ግን ሌሊት አብሮን አይተኛም፤ ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

በቁጥር እንነጋገር ዘንድ አንድ የታወቀ ሰዓት ልውሰድ። ጋርሚን እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ፌኒክስ 7 በሦስት መጠን ነው የመጣው። ትንሹ 7ኤስ 42 ሚሊ ሜትር፣ መካከለኛው 7 47 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ 7ኤክስ 51 ሚሊ ሜትር ነው። ከብረት የተሠሩት ከነማሰሪያቸው ሲመዘኑ 63፣ 79 እና 96 ግራም ናቸው። በትንሹና በትልቁ መካከል 33 ግራም አለ። 33 ግራም በመዳፍ ሲያዝ ምንም ማለት አይደለም። በደቂቃ ከመቶ ሰባ ጊዜ በላይ የሚወዛወዝ እጅ ላይ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ውዝዋዜ ሰዓቱን ከቦታው ሊነቅል ይታገላል፤ ሯጩም እንዳይነቀልበት ማሰሪያውን ያጠብቃል፤ ሲያጠብቅ ደም ይታፈናል፣ ቆዳው ይላጣል። የማሰሪያው ዝቅተኛ ዙሪያ እንኳ ይለያያል። የትንሹ ማሰሪያ እስከ 108 ሚሊ ሜትር ድረስ ይጠባል፤ የመካከለኛው 125፣ የትልቁ 127 ላይ ያቆማል።

አሁን ይህን ስትሰማ የነበረች እህት «ትንሹ የሴት ነው፣ ትልቁ የወንድ ነው» ሲባል ሰምታ ይሆናል። ይህን አነጋገር አጥብቄ እቃወማለሁ። የረጅም ርቀት ወንዶች ሯጮቻችንን አንጓ ተመልከቱ፤ ብዙዎቹ ቀጭን ናቸው። የወንድ ነው ብለው ትልቁን አስረው፣ ሲሮጡ ወደ ክንዳቸው ገፍተው ሹራብ ላይ የሚያስሩ ወጣቶች ሱሉልታ ሜዳ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ሹራብ ላይ የታሰረ ሰዓት የልብ ምት አያይም። ከአምስት መቶ ዶላር በላይ ወጥቶበት ርቀትና ፍጥነት ብቻ ያያል ማለት ነው፤ ያንን ብቻ ከሆነ የምንፈልገው በሲሶው ዋጋ የሚያደርግልን ሰዓት ሞልቷል።

እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ አንጓ ያለውን ሰው ለረጅም ጊዜ የበደሉት አምራቾቹም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ፌኒክስ 5 ለመጀመሪያ ጊዜ በሦስት መጠን ሲወጣ ካርታ የነበረው ትልቁ 5ኤክስ ላይ ብቻ ነበር። ካርታ የፈለገ ሰው፣ እጁ ምንም ያህል ቀጭን ቢሆን፣ 51 ሚሊ ሜትሩን መሸከም ነበረበት። በቀጣዩ ዓመት 5 ፕላስ ሲመጣ ካርታው ለሦስቱም ተሰጠ። በ2022 ደግሞ ታሪኩ በሌላ ዕቃ ተደገመ። ጠርዙ ላይ ያለችው ትንሽ የእጅ ባትሪ ለ7ኤክስ ብቻ ተሰጠች። በጨለማ ለሚወጣ ሯጭ፣ መብራት በሌለበት ኮሮኮንች ለሚሄድ ሰው፣ ያቺ መብራት ከብዙዎቹ የሰዓቱ ዘመናይ ነገሮች ትበልጣለች፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቤት የሚወጣ ሁሉ ይህን ያውቃል። በ2023 የወጣው 7 ፕሮ ለሦስቱም መጠን ሰጣቸው። ይህን የማነሣው ለቂም አይደለም። አሁንም በጥቅም ላይ የዋለ ሰዓት የምትገዙ አላችሁ፤ የሞዴሉን ዓመት ጠይቁ። የ2017ቱ ትንሽና የ2023ቱ ትንሽ አንድ አይደሉም። ዛሬ ትንሹን የሚወስድ ሰው ከባትሪና ከስክሪን ስፋት በስተቀር የሚያጣው ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

ጂፒኤሱስ? ብዙዎች ትልቁ የተሻለ ያያል ብለው ያምናሉ። ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ነው የሚዞሩት፤ ከዚያ የሚደርሰን ምልክት ደካማ ነው፤ የሚያበላሸውም የሰዓቱ መጠን ሳይሆን በመሃል ያለው ነገር ነው። ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ፣ ገደል፣ ምልክቱን አንጥሮ የሚመልስ ፎቅ። በአንድ ሞዴል ውስጥ ያሉ መጠኖች ተመሳሳይ መቀበያ ነው ያላቸው። ስለ ርቀት ብላችሁ ትልቁን አትግዙ።

ባትሪው ግን እውነተኛ ልዩነት ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ መውሰድ እፈልጋለሁ። ፌኒክስ 7 በጂፒኤስ ብቻ ሲሠራ ትንሹ 37 ሰዓት፣ መካከለኛው 57 ሰዓት፣ ትልቁ 89 ሰዓት ይቆያል ይላል አምራቹ። እጅ ላይ ዝም ብሎ ሲውል ደግሞ 11 ቀን፣ 18 ቀን፣ 28 ቀን። ወርዱ ከ42 ወደ 51 ሲሄድ ስፋቱ በግማሽ እንኳ አይጨምርም፤ የባትሪው ዕድሜ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። ለምን? አንዲት ክፍል ተከራይቶ የኖረ ሰው ይገባዋል። አልጋውና ምድጃው በጠባቧም ክፍል በሰፊዋም ክፍል የሚይዙት ቦታ ያው ነው፤ ክፍሏ ትንሽ ስትሰፋ የተጨመረው ወለል በሙሉ የእንግዳ መቀመጫ ይሆናል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ሴንሰሩ፣ አንቴናው፣ ሰሌዳው በትንሹም በትልቁም ያው ናቸው፤ የተጨመረው ቦታ አብዛኛው ለባትሪ ይተርፋል።

ጥያቄው እንግዲህ እናንተ ያን ሁሉ ባትሪ ምን ታደርጉበታላችሁ የሚል ነው። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ነው የጨረሰችው። የትንሹ 37 ሰዓት እንዲህ ያለ ማራቶን አሥራ ስድስት ጊዜ ይመዘግባል። በአምስት ሰዓት የምንጨርስ እኛም ብንሆን ሰባት ጊዜ። በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ እሁድ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሮጥ ሰው ትንሹን በሳምንት አንዴ፣ ገላውን እስኪታጠብና ቁርሱን እስኪበላ ቻርጅ ቢያደርገው ችግር የለበትም። መብራት ጠፍቶ ቢያድር እንኳ የሚቀጥለው ቀን አለ።

አሁን ሌላ ሰው እናምጣ። ሰሜን ተራሮችን በአምስት ቀን ሊያቋርጥ፣ ከሳንቃበር ተነሥቶ በግጭና በጨነቅ አድርጎ ራስ ዳሸን ሊወጣ ነው እንበል። በመንገዱ ላይ ቻርጅ ማድረጊያ የለውም። በቀን 6 ሰዓት ቢጓዝ 30 ሰዓት በጂፒኤስ ይመዘግባል፤ የቀረው 90 ሰዓት፣ ማለትም ሦስት ቀን ከሦስት ሩብ፣ ሰዓቱ እጁ ላይ ይውላል ያድራል። ትንሹን ይዞ ከሆነ 30 ከ37 ሲካፈል የባትሪው 81 በመቶ በጉዞው ብቻ አለቀ፤ ሦስት ቀን ከሦስት ሩብ ከ11 ቀን ሲካፈል ደግሞ ሌላ 34 በመቶ። ድምሩ 115 በመቶ ነው። አምስተኛው ቀን ላይ፣ ምናልባትም ከ4500 ሜትር በላይ ቆሞ ሳለ፣ ሰዓቱ ይጠፋበታል። መካከለኛው በዚሁ ሒሳብ 53 እና 21፣ ድምሩ 74 በመቶ ይወስድበታል። ትልቁ ግማሹን እንኳ አይጨርስም። ለዚህ ሰው ምርጫው መካከለኛው ነው፤ ትልቁ ደግሞ እጁ ከቻለው። ትንሹን የግድ ካለ አነስተኛ ፓወር ባንክ ይያዝ፤ ከአንድ ሹራብ የማይበልጥ ክብደት ነው።

ረጅም ቀን ማለት ተራራ ብቻ አይደለም። አይረንማን የሚባለው ትራያትሎን 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ በላዩ ላይ ሙሉ ማራቶን ነው፤ የጊዜ ገደቡ በአብዛኛው 17 ሰዓት ነው። ፌኒክስ 7ኤስ ሁሉንም የሳተላይት ዓይነቶች በሁለት ሞገድ በሚቀበልበት፣ ማለትም ከሁሉ ይበልጥ ትክክለኛ በሆነበት አሠራር፣ 15 ሰዓት ነው የሚቆየው። መካከለኛው 23፣ ትልቁ 36 ነው። 16 ሰዓት የሚፈጅበት ተወዳዳሪ ትንሹን በዚያ አሠራር ይዞ ቢወጣ የመጨረሻዋን ሰዓት ያለ ሰዓት ነው የሚሮጣት። አሠራሩን ዝቅ ማድረግ ይችላል፤ ግን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በሞን ብላን ዙሪያ የሚደረገው ታላቁ የተራራ ሩጫ ደግሞ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ገደቡም 46 ሰዓት ተኩል ነው። እዚያ ትንሹ በ37 ሰዓቱ እንኳ አይበቃም።

ስለዚህ ራሳችሁን የምትጠይቁት «ባትሪው ስንት ይቆያል?» ብላችሁ ሳይሆን «በዓመት ውስጥ ያለኝ ረጅሙ ቀን ስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ ይሁን። መልሱን አምራቹ ከሚለው ሁለት ሦስተኛ ጋር አስተያዩት። ባትሪ ያረጃል፤ ብርድ ይጎዳዋል፤ እኛም ሰዓት በየዓመቱ አንለውጥም።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ ትልቅ ሲሆን ሁልጊዜ ብዙ ይቆያል ብላችሁ እንዳትደመድሙ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የጋርሚን ፎርራነር 265 በሁለት መጠን ነው የመጣው። 46 ሚሊ ሜትሩ 47 ግራም ይመዝናል፤ 42 ሚሊ ሜትሩ 265ኤስ 39 ግራም። እጅ ላይ ሲውል ትልቁ 13 ቀን፣ ትንሹ 15 ቀን ይቆያል። በጂፒኤስ ትልቁ 20 ሰዓት፣ ትንሹ 24 ሰዓት። ትንሹ በለጠ። ምክንያቱ ስክሪኑ ነው። አሞሌድ ስክሪን ራሱ እያበራ ነው የሚታየው፤ በሰፋ ቁጥር ብዙ ይበላል። ፌኒክስ 7 ላይ ያለው ስክሪን ግን የፀሐይን ብርሃን መልሶ የሚያሳይ ስለሆነ ለመታየት ብዙ ኃይል አይጠይቅም። ስለዚህ ከሳጥኑ ላይ የሁለቱንም መጠን ቁጥር ሳታነቡ በስፋት ብቻ አትፍረዱ። ለአንድ ቀጭን ሯጭ ማራቶን ብቻ ለሚያስብ፣ ከማውቃቸው ሁሉ ያን 39 ግራም ሰዓት ነው ያለማመንታት የምመክረው።

በፀሐይ ስለሚሞላውም አንድ ነገር ልበል። አምራቹ ፀሐይ ይጨምራል የሚለውን ጊዜ የሚያሰላው በቀን ሦስት ሰዓት ጠንካራ ፀሐይ ያገኛል ብሎ ነው። ፀሐይ አላጣንም። ግን ጠዋት ሹራብ ለብሰን እንሮጣለን፣ ቀን ቢሮ እንውላለን። ከእጅጌ ሥር ፀሐይ የለም። ለገበሬና ለተራራ አስጎብኚ ይጠቅማል፤ ለሌላው ጉርሻ ነው።

አሁን ወደ ዓይን። እስካሁን የትንሹ ጠበቃ መስያችሁ ይሆናል፤ እዚህ ላይ ግን ትልቁ የሚሟገትበት እውነት አለው። ከ45 ዓመት በኋላ ቅርብ ያለውን ማንበብ ይከብዳል። እኔ ራሴ የስልክ መልእክት የማነበው እጄን ዘርግቼ ነው፤ እየሮጥኩ ደግሞ የማንበቢያ መነጽር አላደርግም። የፌኒክስ 7ኤስ ስክሪን 1.2 ኢንች ነው፤ የ7ኤክስ 1.4። በኢንች ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ በስፋት ሲሰላ ግን የትልቁ ገጽ በ36 በመቶ ይበልጣል። ካርታ ላይ መንገድ ሲፈለግ፣ ዳገት ላይ ላብ ዓይን ውስጥ ሲገባ፣ ያ 36 በመቶ ይታወቃል። መፍትሔ የለውም ማለት ግን አይደለም። ሰዓቱ ገጹ ላይ ስድስት ሰባት ቁጥር ደርድሮ ሲመጣ እኛ እንቀንሰዋለን። ርቀት፣ ፍጥነት፣ የልብ ምት፤ ሦስት ብቻ። ሦስት ቁጥር በትንሹ ላይ ስምንት ቁጥር በትልቁ ላይ ከሚታየው በላይ ጎልቶ ይታያል። ካርታ አዘውትሮ የሚያነብ፣ ዓይኑ የደከመ፣ አንጓው ወፍራም የሆነ ሰው ግን ሳይሳቀቅ ትልቁን ይውሰድ። ለእሱ ነው የተሠራው።

ዋና ላይ ብዙ አልቆይም፤ በውኃ ውስጥ ትልቁም ትንሹም ይሠራሉ። ብስክሌት ላይ ግን እጅ መሪውን ሲይዝ አንጓ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ የትልቁ ሰዓት ጠርዝና ቁልፎች የእጅ ጀርባን ይጫናሉ። ፑሽ አፕ ስትሠሩም እንዲሁ። አንጓችሁን አሁኑኑ ወደ ኋላ አጥፉት። የእጃችሁ ጀርባ የሚደርስበትን ቦታ አያችሁ? ሰዓቱ እዚያ መድረስ የለበትም። ከአንጓ አጥንት አንድ ጣት ያህል ወደ ክንድ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ትልቁን በዚያ ቦታ ስታስሩ ደግሞ ክንድ እየወፈረ ስለሚሄድ ማሰሪያው ይንሸራተታል። ቀጭን እጅ ላይ ትልቅ ሰዓት ማረፊያ ያጣል የምለው ለዚህ ነው።

የምፈራው ግን ሌሊቱን ነው። ለብዙ ሯጮቻችን ከሩጫው ይልቅ የሚጠቅማቸው ሰዓቱ ሌሊት የሚሰበስበው ነው። የዕረፍት ጊዜ የልብ ምት፣ በምትና በምት መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት፣ የእንቅልፍ ርዝመት። ልምምድ የበዛበት፣ ሊታመም የተቃረበ ሰው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ላይ አስቀድሞ ይታያል። ጋርሚን የምቶቹን ልዩነት የእናንተ ልክ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ሳምንት ያህል ሳይቋረጥ አብሯችሁ መተኛት ይፈልጋል። 15 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያለው፣ 96 ግራም የሚመዝን ብረት በቀጭን እጅ ላይ አስሮ ማን ይተኛል? ያቺ የእንጦጦ ልጅ በሁለተኛው ሌሊት ነው አውልቃ ራስጌዋ ያስቀመጠችው። በራስጌ ያደረ ሰዓት ስለ ልቧ ምን ያውቃል? አሰልጣኟ «ስንት ሰዓት ተኛሽ? ጠዋት ልብሽ ስንት ነበር?» ሲላት የምትመልሰው የላትም። ከዚያ ሁሉ ወጪ በኋላ የቀረባት ነገር ይህ ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይህ ነው።

ዋጋውን በአጭሩ። ፌኒክስ 7 ሲወጣ ትንሹና መካከለኛው ከ700 ዶላር ገደማ ይጀምሩ ነበር፤ ትልቁ ከ900። የ200 ዶላር ልዩነት ለደረት ቀበቶ ተርፎ ጥሩ የመሮጫ ጫማም ይገዛል። ሳያስፈልጋችሁ ትልቁን ስትወስዱ ጫማችሁን ትታችሁ ነው የምትወስዱት።

ማሰሪያን አትርሱ። የሦስቱ ፌኒክስ ማሰሪያ ወርድ 20፣ 22 እና 26 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚገጠመውም በራሱ ዓይነት መቆለፊያ ነው። መርካቶ ያገኛችሁት ማሰሪያ ሁሉ አይገባለትም። ላብና ፀሐይ ጎማውን ይበላዋል። ለሚልክላችሁ ሰው ስትነግሩ የሰዓቱን መጠን ከነገራችሁ በኋላ «ትርፍ ማሰሪያ ጨምርበት፣ ወርዱ ይህን ያህል ነው» በሉት። ለማሰሪያ ተብሎ ሁለተኛ ሻንጣ አይመጣም።

የልጅቷን ነገር ደግሞ ልጨርስ። ለአጎቷ ደውዬ አስረዳሁት። መጀመሪያ ቅር አለው፤ ቀጥሎ ሳቀና «ታዲያ ጋሼ፣ ቁጥሯን ማን ነገረኝ?» አለኝ። ልክ ነው፤ ማንም አልነገረውም። ሰዓቱን ከመሃላችን አንድ ተራራ የሚወድ፣ እጁ እንደ ግንድ የሆነ ወንድማችን ወሰደው፤ በለውጡም 42 ሚሊ ሜትር የሆነ የራሱን ሰጣት፤ እሱም በስጦታ የመጣለት፣ ለእጁ ያነሰው ነበር። በሳምንቱ እንጦጦ ላይ አብረን ወጣን። ዳገቱ አጋማሽ ላይ አስቆምኳትና እንደገና በጣቷ ቆጠረች፤ 35። አንጓዋን አዞረችና አሳየችኝ። 141 ይል ነበር።

እንግዲህ ከፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ ክር፣ ማስመሪያና ከካርቶን የተቆረጡ ክቦች አሉ። 42፣ 43፣ 46፣ 47 እና 51 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ 43ቱ ለፌኒክስ 8 ትንሹ ነው። ክሩን ከአንጓ አጥንት አንድ ጣት ከፍ አድርጋችሁ ዙሩበት፤ ከዚያ ማስመሪያውን ጠፍጣፋው ላይ አጋድሙና ወርዱን አንብቡ። ክቡን አስቀምጡበት፣ እጃችሁን ወደ ኋላ አጥፉ፣ ጠርዙ ከእጃችሁ ከወጣ ወደ ታናሹ ክብ እለፉ። የሚለካላችሁ ሌላ ሰው ይሁን፤ በአንድ እጅ ክር መያዝ አይመችም። ቁጥራችሁን ወረቀት ላይ ጻፉትና ፎቶ አንሡት፤ ዛሬ ማታ ለሚልክላችሁ ሰው ይላካል። እዚህ በስተቀኝ የተቀመጣችሁት ቀድማችሁ ኑ።